ሜዳው ተመረቀ፤ አሠልጣኙስ?

የምረቃ ሥነ ሥርዓት መቼም አንድ ዓይነት ነው። ሪባን ይወጠራል፤ መቀስ በትሪ ይቀርባል፤ ኃላፊው ይቆርጣሉ፤ ይጨበጨባል። ከዚያ አንዱ ኳስ ያቀብላቸዋል። ኃላፊው በሙሉ ልብስና በቆዳ ጫማ ወደ ሪንጉ ይወረውራሉ፤ ይስታሉ፤ ይሳቃል፤ ካሜራው ብልጭ ይላል። ማታ በዜና «ለወጣቱ ምቹ የማዘውተሪያ ስፍራ» ተብሎ ይነገራል።

በስድስተኛው ወር ወደዚያው ሜዳ ብቅ ያለ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያየው ሌላ ነው። መረቡ የለም። ሪንጉ ጎረምሳ ሲንጠለጠልበት ከርሞ አንገቱን ደፍቷል። ግማሹ ሜዳ መኪና ማቆሚያ ሆኗል፤ ወይም በሰዓት ይከራያል፤ ወይም በሩ ተቆልፎ ቁልፍ ያዡ ምሳ ሄዷል። የሰፈሩ ልጆችስ? ከአጥሩ ውጪ፣ መኪና በመጣ ቁጥር ጨዋታ እያቋረጡ፣ አስፋልት ላይ ናቸው። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው።

ይህ ጽሑፍ ሜዳ አይሠራ አይልም። ይሠራ፤ ይብዛ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ኮሪደር ልማቱ በደረሰባቸው ሰፈሮች የቅርጫት ኳስና የአነስተኛ እግር ኳስ ሜዳዎች መታየታቸው መልካም ነው። ግን አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት፦ አሠልጣኝ የሌለው ሜዳ ቀለም የተቀባ ሲሚንቶ ነው። የከተማችን የስፖርት በጀት ደግሞ ለሲሚንቶው እንጂ ለሰውየው እጁ አይፈታም።

•••

ነገሩን ከአንድ ሰፈር አንጻር ተመልከቱት። አብነት።

በአንድ በኩል መርካቶ፣ በሌላ በኩል ልደታ፣ አለፍ ሲል ኮካ። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በስሙ የቀላል ባቡር ጣቢያ ያለው ሰፈር፤ ከሰባተኛ ቀጥሎ፣ ከዳርማር በፊት። ቤቱ ጠባብ ነው፤ ግቢው የጋራ ነው፤ መንገዱ የመኪናና የሸቀጥ ነው። ትንሽ ዝቅ ብሎ ያለው የድሮው ልደታ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ሆኗል። በብዙ ኮንዶሚኒየም ግቢ ለልጆች ተብሎ የተተወው ቦታ ዛሬ መኪና ያድርበታል። አንድ ልጅ ኳስ ቢያነጥር ቢያንስ ሦስት ሰው ከመስኮት ወጥቶ ይቆጣዋል፤ አንዱ ለመኪናው መስታወት፣ አንዷ ለተሰጣው በርበሬ፣ ሌላው ለእንቅልፉ።

አሁን የአንድ የ12 ዓመት ልጅ ሰዓት አስሉ። ከትምህርት ቤት 9 ሰዓት ተኩል ላይ ይወጣል። እናት ከጉሊት፣ አባት ከመርካቶ የሚመለሱት 12 ሰዓት ተኩል ግድም ነው። መሐል ላይ 3 ሰዓት አለ። በሳምንት 15 ሰዓት። በወር 60። ይህ ሰዓት ባዶ አይሆንም፤ ባዶ ሰዓት የሚባል ነገር የለም፤ አንድ ሰው ይሞላዋል። ወይ ስልክ ይሞላዋል፣ ወይ የመርካቶ ጭነት ይሞላዋል፣ ወይ ጥግ ላይ የቆሙት ትልልቆቹ ይሞሉታል። ከተማ አስተዳደሩ የቤቲንግ ቤቶችን ባሸገ ጊዜ ብዙ ወላጅ እፎይ ብሎ ነበር። ውርርዱ ግን ከሱቅ ወጥቶ ስልክ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ሱቅ ማሸግ ይቻላል፤ ከሰዓት በኋላን ማሸግ አይቻልም። ከሰዓት በኋላን መሙላት እንጂ።

«ልጁ ስፖርት ከፈለገ ስታዲየም ይሂድ» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ከአብነት ባቡር የያዘ ሰው ዳርማርን፣ ልደታን፣ ተግባረ ዕድን፣ ሜክሲኮንና ለገሃርን አልፎ በስድስተኛው ፌርማታ ስታዲየም ይወርዳል። አጠገቡ የቅርጫት ኳስና የመረብ ኳስ ጨዋታዎች ሲካሄዱባት የኖረች ትንሿ ስታዲየም አለች። ግን የትኛዋ እናት ናት የ10 ዓመት ሴት ልጇን በግፊያ ሰዓት ለብቻዋ ስድስት ፌርማታ የምትልክ? ደግሞስ እዚያ ደርሳ ማን ይቀበላታል? ጥያቄው ሁሌም እዚያው ይመለሳል። ማን ይቀበላታል?

የአገሪቱ የስፖርት ፖሊሲ ይህን ጥያቄ ገና በ1990 ዓ.ም. የመለሰው መስሎት ነበር። ኅብረተሰቡ በሚኖርበት፣ በሚማርበትና በሚሠራበት አካባቢ በስፖርት ይሳተፍ ይላል መንፈሱ። ሐሳቡ ትክክል ነው። የጎደለው በሚኖርበት አካባቢ ቆሞ የሚጠብቀው ሰው ነው።

•••

አሠልጣኝ ምን ይሠራል? ብዙ ሰው ፊሽካ ነፍቶ የሚጮህ ይመስለዋል። ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር።

ከኳሱ ጀምሩ። የአዋቂ ወንዶች ኳስ 7 ቁጥር ነው፤ ክብደቱ 600 ግራም ገደማ። ሪንጉ ከመሬት 3.05 ሜትር ከፍ ይላል። የ9 ዓመት ልጅ በዚያ ኳስ ወደዚያ ሪንግ ሲወረውር ኳሱ እንዲደርስለት ከወገቡ ሥር ጀምሮ በሁለት እጁ እንደ ባልዲ ውኃ ይደፋዋል። አንዳንዴ ይገባለታል፤ ይጨበጨብለታል። ያ ጭብጨባ ግን እርግማን ነው፤ ምክንያቱም ልጁ የተሳሳተውን አወራወር ለዘለቄታው ይማረዋል። በ15 ዓመቱ ሊያርሙት ቢሞክሩ እጁ እሺ አይልም።

ለዚህ ነው ለሕፃናት ሚኒ ባስኬት የሚባለው የተዘጋጀው፤ ሪንጉ 2.60 ሜትር፣ ኳሱ 5 ቁጥር፣ ክብደቱም ከ500 ግራም የማይበልጥ። 45 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት ለአናጢና ለበያጅ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ግን ይህን የሚያውቅ ሰው ሲያስፈልግ አይጠየቅም። የሜዳው ጨረታ ሲወጣ ኮንትራክተር ነበር፤ አማካሪ መሐንዲስ ነበር፤ ተቆጣጣሪ ነበር። አሠልጣኝ አልነበረም። ስለዚህ ሪንጉ የአዋቂ፣ አጥሩ የአዋቂ፣ ሰዓቱም የአዋቂ ሆኖ ይቀራል።

ወደ እግር ውረዱ። በቀኝ እጁ የሚያስቆጥር ልጅ ሌይአፕ ሲሠራ ቀኝ፣ ግራ ብሎ በግራ እግሩ ይነሣል። ሲናገሩት አምስት ሰከንድ ነው፤ እግር እስኪገባው ሦስት ወር ነው። ሦስት ወር ሙሉ አንድ ሰው እዚያ ቆሞ «ቀኝ፣ ግራ፣ ዝለል» ማለት አለበት። ዩቲዩብ ያሳያል እንጂ አያርምም። ስልክ ልጁን «ጉልበትህን አጠፍ» አይለውም።

ጉልበት ከተነሣ ደግሞ ሴት ተጫዋቾች ለጉልበት ጅማት መበጠስ ከወንዶች ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸው በሕክምናው የታወቀ ነው። መከላከያው ውድ መድኃኒት አይደለም። ከልምምድ በፊት የሚሠራ ትክክለኛ ማሟሟቂያ፣ ከዝላይ ሲወርዱ ጉልበትን አጥፎ ሁለት እግር ላይ ማረፍ፣ ጉልበት ወደ ውስጥ እንዳይሰበር መጠንቀቅ። ይህንን የሚያይ ዓይን የሌለበት ሜዳ ላይ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ጉልበቷን ብትበጥስ፣ ቤተሰቧ የሚያወጣው የሕክምና ገንዘብ የአንድ አሠልጣኝ የብዙ ወር ክፍያ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ገና ቴክኒኩ ነው። ትልቁ ሥራ ሌላ ነው። አሠልጣኝ ማክሰኞ የቀረውን ልጅ ረቡዕ «የት ነበርክ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው። ጫማው የተቀደደበትን ሌላ ሰው ሳያይ የሚያውቅ፣ ምሳ ሳይበላ የመጣውን ከአሯሯጡ የሚለይ ሰው ነው። ከአብነት ልጅ በቀን 3 ሰዓት ላይ፣ ከእናቱ ቀጥሎ፣ ስሙን ጠርቶ የሚጠይቀው ሰው እሱ ሊሆን ይችላል። ሲሚንቶ ስም አይጠራም።

•••

እንዲህ ዓይነት ሰው በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። ልጆቹ «ኮች» ይሉታል። ቀን ሌላ ሥራ አለው፤ ወይ አስተማሪ ነው፣ ወይ ሱቅ ይጠብቃል፣ ወይ ሥራ ፈላጊ ነው። 10 ሰዓት ላይ ፊሽካውን አንገቱ ላይ አድርጎ ይመጣል። ለሃያ አምስት ልጅ ሁለት ኳስ አለው፤ አንዷ ቶሎ ቶሎ ትተነፍሳለች። ኮን የለውም፤ የፕላስቲክ ጠርሙስ አሸዋ ሞልቶ ይደረድራል። ውድድር ሲመጣ የታክሲውን ከኪሱ ይከፍላል። ማልያ ለመለመን ሱቅ ለሱቅ ይዞራል፤ ባለሱቁም ማልያው ላይ ስሙ እንዲጻፍለት ይደራደረዋል።

ወረዳው «ፕሮጀክት» ብሎ መዝግቦት ከሆነ ዕድለኛ ነው። በፕሮጀክት ስም አልፎ አልፎ አበል ትመጣለች፤ አንዳንዴ በወራት ዘግይታ፣ አንዳንዴ ጭራሽ ሳትመጣ። ሪፖርቱ ግን አይዘገይም። «የሠልጣኝ ብዛት በፆታ ተለይቶ ይላክ። ፎቶ ይያያዝ።» ፎቶው ይላካል። ፎቶው በዓመቱ መጨረሻ «የዕቅድ አፈጻጸም» ይሆናል። ኮች ባጀበው ሥራ ሌላ ሰው ይመሰገንበታል።

አሁን የሚያሳፍረውን ነገር ስሙ። ብዙውን ጊዜ ሜዳው ዘበኛ አለው፤ ዘበኛው ደመወዝ አለው። ይገባዋል፤ ማንም ደመወዙን አይመኝበት። ግን ልብ በሉ፦ ቁልፍ የያዘው ይከፈለዋል፤ ፊሽካ የያዘው አይከፈለውም። ማለትም ልጆች እንዳይገቡ ለሚጠብቀው በጀት አለ፤ ገብተው እንዲማሩ ለሚያደርገው በጀት የለም። ይህ የገንዘብ እጥረት አይደለም። ምርጫ ነው።

ውጤቱም ይታወቃል። ኮች አንድ ቀን ሥራ ያገኛል፤ ወይ ያገባል፤ ወይ ይሰደዳል። ቡድኑ በሳምንቱ ይበተናል። ሃያ አምስቱ ልጆች ወደ ጥጋቸው ይመለሳሉ። ወረዳውም አዲስ ሜዳ ለመመረቅ ሪባን ይገዛል።

•••

«የቅርጫት ኳስ አሠልጣኝ አያስፈልገውም፤ ልጆች ራሳቸው ይጫወቱ» የሚል ክርክር አለ። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ ምክንያቱም የጨዋታው ፈጣሪ ራሱ ከዚያ ወገን ነበር።

ጄምስ ኔይስሚዝ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1891 በአሜሪካ ስፕሪንግፊልድ ከተማ፣ ለወወክማ ማሠልጠኛ ተማሪዎች የክረምት ጨዋታ እንዲፈጥር ታዘዘ። ሁለት የኮክ ፍሬ ቅርጫት በአዳራሹ ሰገነት ላይ አሰቀለ፤ 13 ሕግ ጻፈ። በኋላ ካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ገባና ቡድን ያዘ። ተማሪው የነበረው ፎግ አለን ሌላ ቦታ አሠልጣኝ ሆኖ ሊቀጠር መሆኑን ሲነግረው፣ ይህ ጨዋታ ይጫወቱታል እንጂ አያሠለጥኑትም እንዳለው ይነገራል። የኔይስሚዝ የካንሳስ ውጤት 55 ድል፣ 60 ሽንፈት ነው። በዩኒቨርሲቲው ታሪክ ከድሉ ሽንፈቱ የሚበልጥ አሠልጣኝ ፈጣሪው ብቻ ነው። ምክሩን ያልሰማው አለን ግን የቅርጫት ኳስ አሠልጣኝነት አባት ተብሎ ሞተ።

ጨዋታን መፍጠር አንድ ነገር ነው፤ ልጅን ማሳደግ ሌላ። አዎ፣ ልጅ ነፃ ጨዋታ ያስፈልገዋል። ፊሽካ የማይነፋበት፣ ማንም የማይቆጣበት ሰዓት ያስፈልገዋል። ግን ጉልበተኛው ኳሱን ይዞ ትንሹን «ውጣ» በሚልበት ሜዳ ላይ ነፃ ጨዋታ የሚባለው የጉልበተኛው ነፃነት ነው። ሴቶቹ መጀመሪያ ይወጣሉ፤ ቀጥሎ አጫጭሮቹ፤ ቀጥሎ አዲስ መጤዎቹ። ሜዳ ያለ አሠልጣኝ ለሁሉም ክፍት አይደለም፤ ለጎበዙ ብቻ ክፍት ነው።

•••

ሁለተኛው ክርክር «የእኛ አገር ስፖርት ሩጫ ነው» የሚለው ነው። ጥሩ፤ እንግዲያው ወደ ሩጫው እንሂድ። ሩጫው ራሱ ይመሰክራል።

አርሲ ውስጥ በቆጂ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ደራርቱ ቱሉ በባርሴሎና 1992 እና በሲድኒ 2000 በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ያመጣችው፣ ፋጡማ ሮባ በአትላንታ 1996 በማራቶን፣ ቀነኒሳ በቀለ በአቴንስና በቤጂንግ፣ ጥሩነሽ ዲባባ በቤጂንግና በለንደን ያሸነፉት ሥራቸው ከዚያ ነው። በቆጂ ይህ ሁሉ ሲጀመር ምን ነበራት? ዘመናዊ ትራክ? አልነበራትም። የአፈር ሜዳ፣ የባሕር ዛፍ ጫካ፣ ዳገት። እና አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት አስተማሪ፤ አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ። ልጆቹ ገና ስማቸውን የሚያውቅ ጋዜጣ ሳይኖር ስማቸውን ይጠሩ የነበሩት እሳቸው ናቸው።

«ከፍታው ነው፣ አየሩ ነው» ይባላል። በኢትዮጵያ ከባሕር ወለል በላይ ከፍ ያለ ከተማ መቼ ጠፋ? ከፍታ ያላቸው ብዙ ናቸው፤ በቆጂ ግን አንድ ናት። ልዩነቱ ዳገቱ ላይ አይደለም። ዳገቱ ሥር ሰዓት ይዞ የቆመው ሰው ላይ ነው።

እንግዲህ ኢትዮጵያ ስለ ስፖርት ያላት ትልቁ ማስረጃ ይህ ነው፤ አሠልጣኝ ያለ ሜዳ ወርቅ ያመጣል። ሜዳ ያለ አሠልጣኝ ምን አምጥቶ ያውቃል?

•••

«ሩጫ ሌላ፣ ቅርጫት ኳስ ሌላ» ከተባለ ደግሞ ጎረቤት አለን።

ደቡብ ሱዳን ነፃ የወጣችው እ.ኤ.አ. በጁላይ 2011 ነው። ከነፃነት በኋላ ጦርነት አልለቀቃትም። ብሔራዊ ቡድኗ በዓለም መድረክ ሲታይ በአገር ቤት አንድ እንኳ የረባ የቤት ውስጥ የቅርጫት ኳስ አዳራሽ አልነበራትም። ያቺ አገር በ2023 የዓለም ዋንጫ ከአፍሪካ ቀዳሚ ሆና ለፓሪስ ኦሊምፒክ አለፈች። በጁላይ 2024 ለንደን ላይ በወዳጅነት ጨዋታ እነ ሌብሮን ጄምስን አስጨንቃ 101 ለ 100 ተሸነፈች። ከሳምንት በኋላ በኦሊምፒክ ፖርቶ ሪኮን 90 ለ 79 ረታች።

ከዚህ ጀርባ ያለው ሰው ከ2019 ጀምሮ ፌዴሬሽኑን የሚመራው ሉዎል ዴንግ ነው። ዴንግ ራሱ ከየት መጣ? ዋው ከተማ ተወለደ፤ ቤተሰቡ ከጦርነት ሸሽቶ ግብፅ ገባ። ግብፅ ላይ የኤን ቢ ኤው ረጅሙ ማኑት ቦል አገኛቸው፤ ለታላቅ ወንድሙ ቅርጫት ኳስ አስተማረው፣ ለትንሹ ሉዎልም መካሪ ሆነው። ቀጥሎ ቤተሰቡ ደቡብ ለንደን ገባ። እዚያ ብሪክስተን የሚባል ሰፈር አለ፤ ገበያው የደራ፣ ስደተኛ የበዛበት፣ እ.ኤ.አ. በ1981 በወጣቶችና በፖሊስ ግጭት የተናጠ። በዚያ ሰፈር ጂሚ ሮጀርስ የሚባል ሰው ቶፕካትስ የተባለ ክለብ መሥርቶ ለአሥርት ዓመታት የሰፈር ልጅ ሲያሠለጥን ኖሯል። ሉዎል ዴንግ ከእሱ እጅ ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 በኤን ቢ ኤ ምልመላ 7ኛ ሆኖ ተመረጠ፤ ሁለት ጊዜ የከዋክብት ቡድን ውስጥ ገባ።

አንድ ሰው ይነሣና «የደቡብ ሱዳን ተጫዋቾች ያደጉት በስደት፣ አሜሪካና አውስትራሊያ ነው፤ ምሳሌ አይሆኑም» ይላል። አብዛኞቹ በስደት ማደጋቸው እውነት ነው። ነገር ግን ይህ ክርክሩን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። ስደተኛው ልጅ በሄደበት ሰፈር አንድ አሠልጣኝ ጠበቀው። ብሪክስተን ሮጀርስ ነበረው። የአብነት ልጅ ስደተኛ አይደለም፤ ተወልዶ ባደገበት ሰፈር፣ በገዛ ከተማው ነው። የሚጠብቀው ሰው ግን የለም።

ደግሞም ማንም የአብነትን ልጆች ኤን ቢ ኤ እንላክ አላለም። ከሃያ አምስቱ ልጆች አንዱም በቅርጫት ኳስ እንጀራ ላይበላ ይችላል። «ቁመት የለንም» የሚለው ሰበብ እዚህ ላይ ውድቅ ነው። የ12 ዓመት ቡድን ዓላማ ቁመት አይደለም። ዓላማው ያ 15 ሰዓት ነው።

•••

ሦስተኛው ተቃውሞ ግን እውነት አለበት፤ እውነት ስለሆነም መሸፋፈን የለበትም። «አሠልጣኞቹ ራሳቸው ችግር ናቸው።»

አዎ፣ አሉ። ልጅ የሚሳደቡ አሉ። ሳተ ብለው በሰው ፊት የሚያዋርዱ፣ ብሎም በዱላ የሚቀጡ አሉ። ለዋንጫ ሲሉ የ17 ዓመቱን ጎረምሳ 15 ነው ብለው የሚያሰልፉ፣ ልጁም የመጀመሪያውን ትልቅ ውሸት ከአሠልጣኙ እንዲማር የሚያደርጉ አሉ። በሴት ልጆች ላይ ዓይናቸው የማያርፍ፣ ወላጅ ሊፈራቸው የሚገባ አሉ።

በቅርጫት ኳስ ደግሞ ልዩ በሽታ አለ፤ የቁመት ስግብግብነት። በ13 ዓመቱ ቀድሞ የረዘመ ልጅ ይገኛል። አሠልጣኙ ሪንግ ሥር ያቆመዋል፤ «ኳሱን ያዝ፣ አስቆጥር፣ አታንጥር» ይለዋል። በዚያ ዓመት ዋንጫ ይመጣል። በ16 ዓመታቸው ሌሎቹ ይደርሱበታል፤ ልጁ መካከለኛ ቁመት ሆኖ ይቀራል። ማንጠር አያውቅም፣ ማቀበል አያውቅም፣ ከሩቅ መወርወር አያውቅም። ሦስት ዓመት ተጠቅመውበት ጣሉት። ተቀያሪ ወንበር ላይ ሦስት ዓመት የተቀመጠው አጭሩ ልጅም እንዲሁ ተጣለ። ዋንጫው ወረዳ ጽሕፈት ቤት ቁም ሣጥን ላይ አቧራ ይጠጣል።

ለዚህ መልሱ አሠልጣኝ ማጥፋት ነው? መምህር ተማሪ መታ ተብሎ ትምህርት ቤት አይዘጋም። የማይከፈለውን ሰው ማን ይቆጣጠረዋል? ውል የለውም፣ ሥነ ምግባር ደንብ አልፈረመም፣ ሥልጠና አልወሰደም፣ ቢያጠፋ የሚነጠቀው ነገር የለውም። በነፃ የሚሠራን ሰው መጠየቅ ይከብዳል፤ «ተዉኝ፣ ለነፍሴ ነው» ይላል። ስትከፍለው ትጠይቀዋለህ። ክፍያ ለአሠልጣኙ ውለታ አይደለም፤ ለልጆቹ መከላከያ ነው።

•••

እንግዲህ ምን ይደረግ? ጥያቄው ትልቅ በጀት አይደለም፤ ቅደም ተከተሉን ማስተካከል ነው።

አንደኛ፣ አሠልጣኝ ያልተቀጠረለት ሜዳ አይመረቅ። ሪባኑ ከመቆረጡ በፊት የአሠልጣኙ ስም፣ የሥራ ሰዓቱና የሚጠየቅበት ስልክ በር ላይ ይለጠፍ። ሜዳው ምን ያህል እንደፈጀ ሲነገር፣ ለአሠልጣኙ በዓመት ምን ያህል እንደተያዘ አብሮ ይነገር። ሁለቱን ቁጥር ጎን ለጎን ያየ ነዋሪ ራሱ ይፍረድ።

ሁለተኛ፣ ከ9 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ሰዓት ያለው ጊዜ በሕዝብ ገንዘብ በተሠራ ሜዳ ሁሉ ላይ ለሰፈሩ ልጆች በነፃ ይያዝ። ሜዳውን ማከራየት የሚፈልግ ከ12 ሰዓት በኋላ ያከራይ። የሚገኘውም ኪራይ ኳስ ይግዛ።

ሦስተኛ፣ ቢያንስ አንዱ ሪንግ 2.60 ይውረድ፤ 5 ቁጥር ኳስ ይገዛ። ሴቶች የራሳቸው ቀን ይኑራቸው፤ በተቻለ መጠን ሴት አሠልጣኝ ትመደብላቸው። ከስፖርት ሳይንስ ትምህርት ክፍሎች በየዓመቱ ተመርቀው ሥራ የሚፈልጉ ወጣቶች አሉ፤ ሥራው ደግሞ እዚህ አለ። አገናኙን አጥተው ነው።

አራተኛ፣ የታዳጊ አሠልጣኝ በዋንጫ አይመዘን። መስከረም ላይ ስንት ልጅ ያዘ፣ ሰኔ ላይ ስንቱ ቀረ፣ ከመጡት ስንቱ በእያንዳንዱ ጨዋታ ሜዳ ገባ፤ በዚህ ይመዘን። 12 ልጅ ይዞ ተሸንፎ 12ቱንም ያጫወተ፣ አምስት ይዞ አሸንፎ ሰባቱን ካስቀመጠው ይበልጣል። ለሰባቱ ልጆች ያ ጨዋታ ሽንፈት ነበርና።

አምስተኛው ለወላጅ ነው። ልጅህን ለሚያሠለጥን ሰው ሄደህ ስሙን ጠይቀው። ሜዳው ዳር አንድ ቀን ቁም። ጥሩ ሰው ከሆነ ማየትህ ያበረታዋል፤ መጥፎ ከሆነ ማየትህ ያስፈራዋል። ነገሩ በመንግሥት ብቻ አያልቅም፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። አንድ ዕድር አንድ ኳስ መግዛት አያቅተውም።

•••

ነገ ሌላ ሜዳ ይመረቃል። ሪባኑ ይወጠራል፤ መቀሱ በትሪ ይመጣል። በዚያ ቀን ከተሰበሰበው ሰው መሐል አንድ ሰው፣ እናት ትሁን ጋዜጠኛ፣ እጁን አውጥቶ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቅ፦

«ክቡርነትዎ፣ ቁልፉን ማን እንደያዘ አይተናል። ፊሽካውንስ ማን ያዘ?»

መልስ ካልተገኘ ማጨብጨቡ ይቅር። ልጆቹም እንደሁ አያጨበጭቡም፤ ከአጥሩ ውጪ ናቸው።